የእንግዳው ባርኔጣ

“ቶሎ ቶሎ ተራመድ እንጂ ሊቨን! ሬሳው ይጠብቀናል፤ ቅበላ ግን አይጠብቀንም!” አለ አስካኒዮ ወደ ኋላው ሳይዞር።

ሊቨን ቫን ሄርፕ ጥቁር ካባውን በሁለት እጁ ሰብስቦ ይከተለው ጀመር። ካባው የራሱ አይደለም። የሕክምና ትምህርት ቤቱ የአናቶሚ፣ ማለትም ሬሳ ከፍቶ የመማሪያው፣ አለቆች በየዓመቱ እየተቀባበሉ የሚለብሱት ነው። የአምናው አለቃ ቁመተ ረጅም ነበርና ጫፉ በመንገዱ ዳር የተዘረጋውን ባለ ዓምድ በረንዳ ድንጋይ ይጠርጋል። ከበረንዳው ውጭ የቦሎኛ ጉም እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ዓምዶቹ አንድ በአንድ ብቅ እያሉ መልሰው ይጠፋሉ። ጭንብል ያጠለቁ የቅበላ ጨፋሪዎች ሲያልፉ አንደኛው የአስካኒዮን ጥቁር ዘንግ አየና “የሬሳ ሹሞች መጡ! ትንፋሽ ያላችሁ ሽሹ!” ብሎ ጮኸ። አስካኒዮ ቆቡን አንስቶ እጅ ነሳ። ሊቨንም ሳቀ። በዚህች ከተማ በኖረባቸው አሥራ ስድስት ወራት ከሰው ጋር አብሮ መሳቅ የጀመረው ገና በዚህ ሳምንት ነበር።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1573፣ ከቅበላው ሳምንት ሐሙስ ነው። ጾሙ ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ጾም ከገባ፣ ብርዱም ከላላ፣ የሰው ገላ ከፍቶ ማስተማር እስከሚቀጥለው የብርድ ወራት ድረስ ቀረ ማለት ነው። ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነው፦ ለትምህርት የሚከፈተው ሰው ከከተማው ቢያንስ የሠላሳ ማይል መንገድ ርቆ የተወለደ፣ የሚያውቀውም የሚያለቅስለትም የሌለው መሆን አለበት። የቦሎኛን ልጅ መክፈት የማይታሰብ ነው፤ እናቱ ቢላዋውን ከመምህሩ እጅ ነጥቃ መምህሩን ትከፍተዋለች። በዚያ ዓመት ደግሞ ወንበዴዎቹ ሁሉ የቦሎኛ ልጆች ሆኑና የሚሰቀል የባዕድ አገር ሰው ጠፋ።

ሬሳውን ፈልጎ ማምጣት የሁለቱ አለቆች ሥራ ነው። ተማሪው ራሱ ይመርጣቸዋል፤ አንዱን ከኢጣልያኖቹ፣ አንዱን ከሰሜኑ ተራሮች ወዲያ ከመጡት የባዕድ አገር ተማሪዎች። ከተራሮቹ ወዲያ የመጡት ግን በበልጉ ተጣልተው አብዛኞቹ ወደ ፓዶቫ ትምህርት ቤት ሄደዋል። ስለዚህ ባለፈው እሑድ የሊቨን ስም ሲጠራ ሰው ጠፍቶ እንደሆነ እሱም ያውቃል። ቢያውቅም ደስታው አልቀነሰም። በዚያው ማታ ከኢጣልያኖቹ የተመረጠው አለቃ አስካኒዮ ትከሻውን አቅፎ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ስምንት ተማሪዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ወይን ቀዱለት፣ አነጋገሩን እያስመሰሉ ቀለዱበት፣ “ከእንግዲህ ከዚህ ገበታ ብትቀር እንጣላለን!” አሉት። ሰው እንዲቀለድበት እንኳ የሚያውቀው ሰው ያስፈልገዋል። ሊቨን ወደ ክፍሉ ሲመለስ እንደ ሕፃን እየዘለለ ነበር።

መነኮሳት የሚያስተዳድሩት የመንገደኞች ማረፊያ አጠገብ ሲደርሱ አዋጅ ነጋሪው ቤቲኖ መለከቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ አፍንጫውን ሲናፈጥ አገኙት። ከጎኑ የከተማው ጸሐፊ መሴር ጋስፓሬ የቀለም ቀንዱን ታጥቆ ቆሟል።

“ዘገያችሁ ጌቶች” አለ ጸሐፊው። “ሟቹ ግን ቅር አላለውም።”

ውስጥ ያለው መነኩሴ ከጭድ አልጋው ላይ አንሶላውን ገለጠ።

“ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ደጃፋችን ላይ ወድቆ አገኘነው” አለ። “ሦስት ቀን ሙሉ ትኩሳት ውስጥ ሆኖ ተናገረ፣ ተናገረ፤ ምን እንደሚል የገባው ሰው አልነበረም። ዛሬ ሌሊት አረፈ።”

“አጥንቱ ሰፊ ነው፣ ስብም የለበትም” አለ አስካኒዮ እጁን እያፋተገ። “መምህራችን ይደሰታል። አይደለም ሊቨን?”

ሊቨን ወደ ሟቹ ፊት ጎንበስ አለ። ያንን ጠፍጣፋ አፍንጫ፣ ያንን በቅንድቡ ላይ ያለ የቃጠሎ ጠባሳ ያውቀዋል። ከጥቅምት ጀምሮ በየእሑዱ አብሮት ሲዞር የከረመው ሽማግሌ ነው፤ በቦዩ ዳር የሐር መፍተያ መንኮራኩር የሚጠግነው፣ በዚህች ከተማ ብቸኛው ያገሩ ሰው። ባለፈው እሑድ ሊቨን አልሄደለትም። ወይን እየቀዱለት ነበርና ረሳው። ሽማግሌው እንደ ልማዱ የትልቁ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ተቀምጦ በዚያ ብርድ ጠብቆት ይሆናል።

“የሚያውቀው አለ?” አለ ጸሐፊው እንደ ደንቡ።

አስካኒዮ “ማንም” አለ። ሊቨን ግን ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሊቨን ዝምታ ግን በዚያችው ደቂቃ መንቀዝ ጀመረ።

ከዚያ ልማዱ ተጀመረ። የሟቹ ባርኔጣ በዘንግ ጫፍ ላይ ይሰቀላል፤ በከተማው በሦስት ቦታ፣ በቦዩ ወደብ፣ በሁለቱ የጥንት ግንቦች ሥርና በትልቁ አደባባይ በፒያሳው፣ እየተዞረ ይጠየቅበታል። የማታው ደወል እስኪደወል ድረስ አውቀዋለሁ የሚል ካልተገኘ ገላው የትምህርት ቤቱ ይሆናል። ባርኔጣውን የሚሸከመው በዕድሜ የሚያንሰው አለቃ ነው። ስለዚህ መነኩሴው ያችን ጆሮ የምትሸፍን፣ በአረንጓዴ ክር የተሰፋች ቡናማ ባርኔጣ በዘንጉ ላይ ሰካና ለሊቨን ሰጠው።

ወደቡ ላይ ጀልባዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ቤቲኖ መለከቱን ነፋ፤ ጉንፋን ይዞት ስለነበር ድምፁ እንደታመመ በሬ ወጣ።

“ስሙ የቦሎኛ ሰዎች! የዚህ ባርኔጣ ባለቤት ሞቷል! አገሩ አልታወቀም፣ ስሙ አልታወቀም! አውቀዋለሁ የሚል ከማታው ደወል በፊት ወጥቶ ይናገር! የሚናገርለት ከጠፋ ገላው ለትምህርት፣ ነፍሱ ለእግዜር!”

“ባርኔጣዋ ራሷ ሬሳ ናት፤ አብራችሁ ቅበሯት!” አለ አንድ ጀልበኛ። ሁሉም ሳቁ። ካሉት ውስጥ ሦስት አራቱ ሽማግሌውን በየቀኑ ሲያልፍ ሲያገድም አይተውታል፤ ግን መንኮራኩሩ ሲዞር እንጂ የሚጠግነውን ማን ያያል? ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ። ሊቨን ዘንጉን ጨብጦ ቆመ። ካባውን በሌላው እጁ ወደ አንገቱ ሰበሰበ።

“በርዶሃል?” አለው አስካኒዮ። “አይዞህ፣ ማታ ማርጋሪታ የአሳማ እግር ትቀቅልልናለች። ቦታህ ከኔ ጎን ነው።”

“ቦታህ” የሚለው ቃል የሊቨንን አፍ እንደገና ዘጋው።

ወደ ሁለቱ ግንቦች ሲወጡ የሊቨን እግር መንገዱን ራሱ ያውቀዋል። ከሽማግሌው ጋር የተገናኙት እዚያ ነበር። ሊቨን ያን ቀን ብቻውን ከተማ ሊያይ ወጥቶ፣ ወደ ረጅሙ ግንብ አንጋጦ ሲሄድ ደረጃው አዳልጦት በቂጡ ተቀመጠ፤ ባገሩ ቋንቋም የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ አወረደው። ከኋላው “እንደዚህ አሳምሮ የሚሳደብ የጌንት ልጅ ብቻ ነው!” የሚል ድምፅ ሰማ። ዞር ሲል ይቺን ባርኔጣ ያደረገ ሰው እጁን ዘርግቶለታል።

“አንተም የጌንት ሰው ነህ?” ብሎ ጠየቀው ሊቨን የትውልድ ከተማውን ስም በመስማቱ ተገርሞ።

“ከዚያው ወዲህ ወዲያ ነኝ። እዚህ አገር ቋንቋዬን የሚናገር ሁሉ ጎረቤቴ ነው። ጎረቤት በለኝ። አንተስ ስምህ ማነው? እናት አለችህ? ምን ትበላለህ?”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎረቤት አለው። ጎረቤትም ከተማውን አሳየው። አራት መቶ ዘጠና ስምንቱን ደረጃ አብረው ወጥተዋል፤ ሽማግሌው በየማረፊያው ጉልበቱን እየያዘ ተቀምጦ “እሺ፣ ከዚያስ እናትህ ምን አለች?” ይለዋል። አጭሩንና ያጋደለውን ግንብ እያሳየም “አትፍራው፤ አራት መቶ ዓመት ሲወድቅ ነው የኖረው፤ እንደ ሰካራም ሰው ነው፣ የለመደው አይወድቅም” ይለው ነበር። ሰባቱን የእስጢፋኖስ አብያተ ክርስቲያናት፣ የቦዩን መዝጊያ፣ በኮረብታው ላይ ያለውን የእመቤታችንን ቤት፣ ሁሉን በእግራቸው አዳርሰውታል። ሊቨን ያወራል፣ ሽማግሌው ያዳምጣል።

ከግንቦቹ ሥር ቦምቦሊኖ የምትጠብስ ወፍራም ሴት ነበረች። ቤቲኖ አዋጁን ሲጨርስ መጥበሻዋን ትታ ወደ ባርኔጣው ቀረበች።

“ይቺን ባርኔጣ አውቃታለሁ” አለች።

ጸሐፊው ብዕሩን አወጣ። አስካኒዮ ፊቱ አመድ መሰለ። ሊቨን ግን የሆነ እፎይታ ወረደበት፤ እሷ ትናገር፣ እኔ ልትረፍ አለ በልቡ።

“ባለቤቱ ማነው እሜቴ?” አለ ጸሐፊው።

“እሱን እንጃ። ፈረንሳዊ ይሁን፣ ጀርመን ይሁን፣ እነሱ ሲያወሩ ሁሉም ጉሮሮ የሚጉመጠመጥ ነው የሚመስለው። በየእሑዱ ከአንድ ተማሪ ጋር ይመጣል። ሁለት ቦምቦሊኖ ይገዛና ሁለቱንም ለተማሪው ያበላዋል። ‘አንተስ?’ እለዋለሁ፤ ሆዱን መታ መታ አድርጎ ጠግቤያለሁ ይለኛል። ያ ሆዳም አንድ ቀን እንኳ ‘እንካ ግማሹን’ አላለውም!”

አስካኒዮ ከልቡ ሳቀ። “ያ ተማሪ ሕክምና የሚማር ከሆነ ጎበዝ ሐኪም ይወጣዋል፤ ታማሚውን ይበላል!”

“ስሙን ታውቂያለሽ? ዘመዱን?” አለ ጸሐፊው።

“እኔ ጠባሽ ነኝ እንጂ ቄስ ነኝ?” ብላ ወደ መጥበሻዋ ተመለሰች። ዞር ስትል ዓይኗ በሊቨን ላይ አረፈ። ጥቁሩን ካባ፣ ረጅሙን ቆብ አየች፤ ፊቱን ግን አላየችም። “አንዱን ይግዙ እንጂ ጌታው፤ ገና ትኩስ ነው።”

ሊቨን ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱንም እንደበላ አስታወሰ፤ ስኳሩን ከጣቱ እየላሰ ስለ መምህሩ ክፋት፣ ስለ ክፍሉ ብርድ፣ ስለ እህቱ ሰርግ ሲያወራ። አፈረ። ከአንገቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

ፒያሳው ሲደርሱ ቀኑ መሽቶ መጨለም ጀምሯል። የጥንት ሮማውያን የባሕር አምላክ ሐውልት ከፏፏቴው በላይ ራቁቱን ቆሞ ጉም ለብሷል። ማዶ ያ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ታችኛው ግማሹ በእብነ በረድ ያማረ፣ ላይኛው ገና ባዶ ጡብ። ጎረቤት “ይኸ ቤተ ክርስቲያን ሱሪውን ታጥቆ ሸሚዙን ሳይለብስ ከቤት የወጣ ሰው ነው” ይል ነበር። የሚጠብቀውም እዚያ ደረጃ ላይ ነበር። ሊቨን ወደ ደረጃው ላለማየት ወደ ሹማምንቱ ቤት ዞረ። ያም አልሆነለትም፤ እዚያ ደግሞ ሹክሹክታ የሚያሻግረው ቅስት ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ማዕዘን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቢቆሙ፣ አንዱ በቀስታ ያለውን ሌላው ጆሮው ሥር እንዳለ ይሰማዋል። ሊቨን በመጣ በመጀመሪያው ወር ብቻውን ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ወደ ግድግዳው አንሾካሽኮ ያውቃል፤ የሚመልስለት ግን አልነበረም። ጎረቤት ነው በኋላ ማዶ ሄዶ ቆሞ “ሊቨን፣ ልጄ፣ ዛሬ ምሳ በልተሃል?” ያለው። ሊቨን ግንባሩን ከድንጋዩ አስደግፎ አለቀሰ። ከዚያ በፊት ዓመት ሙሉ ስሙን የጠራው ሰው አልነበረም።

ቤቲኖ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ጭንብል ያጠለቁት ጨፋሪዎች ባርኔጣውን ከበው ዞሩ፣ አንዱ ሊሰርቃት ሞከረ፣ ሌላው “እኔ ነኝ ሟቹ፤ ባርኔጣዬን መልሱ!” አለ። ከዚያ እነሱም ሄዱ። ፒያሳው ባዶ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያኑ የማታው ደወል የመጀመሪያውን ድምፅ ሰጠ።

“አለቀ” አለ አስካኒዮ። “መሴር ጋስፓሬ፣ ይጻፉ፤ የሚያውቀው የለም።”

“እኔ አውቀዋለሁ” አለ ሊቨን።

አስካኒዮ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ የሊቨንን ፊት አየና ክንዱን ጨብጦ ወደ ጎን ሳበው።

“ምን ሆነሃል? አበድክ? ስድስት ቀን ነው የቀረን! ሰማንያ ተማሪ ዓመት ሙሉ ጠብቋል!”

“ያ ሁለት ቦምቦሊኖ የበላው ተማሪ እኔ ነኝ።”

አስካኒዮ ክንዱን ለቀቀው። ሲናገር ድምፁ ለስለስ አለ፤ ያ ለሊቨን ከቁጣው የባሰ ነበር። “ስማኝ ወንድሜ። ትምህርቱ ሲያልቅ ደንባችንን ታውቃለህ። አርባ ተማሪ ጧፍ ይዞ ይሸኘዋል፤ ቅዳሴው በዜማ ነው። እንዲህ ያለ ቀብር ጌቶችም አያገኙት። አንተ ብቻህን ምን ልታደርግለት ነው? በጆንያ ልትቀብረው?”

እውነቱን ነው። ሊቨን ግን ዘንጉን አልለቀቀም። “አይከፈትም” አለ ብቻ።

“ደወሉ ሳያልቅ ነው የተናገረው” አለ ጸሐፊው ሰሌዳውን ክንዱ ላይ እያስተካከለ። መሴር ጋስፓሬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሕግ ማለት ለሱ ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ነው። “በል እንግዲህ። አውቀዋለሁ ማለት ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን ማወቅ ነው። የሟቹ ስም?”

ሊቨን አፉን ከፈተ።

ምንም አልመጣለትም። ጎረቤት። አራት ወር፣ አሥራ ስድስት እሑዶች፣ አራት መቶ ዘጠና ስምንት ደረጃ። ሚስት እንደነበረችው አያውቅም። ልጅ ቀብሮ እንደሆነ፣ ቤቱን አገራቸውን የያዘው የስፔን ወታደር አቃጥሎበት እንደሆነ፣ ያ የቅንድቡ ጠባሳ ከምን እንደመጣ አያውቅም። አልጠየቀውም። ያ ሰው ሊቨን በሰባት ዓመቱ የሞተችበትን ውሻ ስም ሳይቀር ያውቅ ነበር።

ደወሉ ቀጠለ።

“አያውቀውም!” አለ አስካኒዮ። “አያችሁ? አያውቀውም! አዝኖለት ነው እንጂ... ተወው ሊቨን፣ ና ወደ ቤት እንሂድ፣ ማንም አይቀየምህም።”

“ስሙ” አለ ጸሐፊው እንደገና።

“ሊቨን” አለ ሊቨን።

“ያንተን አይደለም የጠየቅሁህ።”

“የሱም ሊቨን ነው። ሊቨን ቫን ሄርፕ፣ የአባቱ ስም ያን፣ ጌንት የተወለደ። ያባቴ ወንድም ነው። እኔን ክርስትና ያነሱኝ በሱ ስም ነው።”

ጸሐፊው ከመነጽሩ በላይ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ውሸቱ ገብቶት እንደሆነ ሊቨን አላወቀም። “ትምላለህ?”

“እምላለሁ።” ጸሐፊው ባወጣው ትንሽ መስቀል ላይ እጁን አኖረ። በሕይወቱ በሐሰት ሲምል የመጀመሪያው ነበር። ደወሉ አበቃ።

አስካኒዮ ዘንጉን ከእጁ ወሰደ፤ ባርኔጣዋን ነቅሎ ደረቱ ላይ ወረወረለት። የሟች ዘመድ የአናቶሚ አለቃ መሆን አይችልምና ካባውንም አስወለቀው። ልብሱን አጣጥፎ ሲጨርስ እንዲህ አለ፦

“አጎትህ ከሆነ፣ እሑድ ማታ እሱ የመነኮሳቱ ደጃፍ ላይ ወድቆ ሲበርደው አንተ የኔን ወይን ትጠጣ ነበር። አጎትህ ካልሆነ ለአንድ ባዕድ ብለህ ሰማንያ ሰው ሸጠሃል። የትኛው እንደሚሻልህ አንተ ምረጥ።” ሄደ። ሊቨን ጠራው፤ አልዞረም።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ እንዳለ ነበር። ከመንገደኞች ማረፊያው ጀርባ ባለው የድሆች መቃብር ሁለት ተሸካሚዎች ሬሳውን በቃሬዛ አምጥተው አወረዱ፤ ሌላ የሚሸከሙት አለና እያጉረመረሙ ተመለሱ። ጧፍ የለም፣ ዜማ የለም። ከትምህርት ቤቱ አንድ ሰው አልመጣም፤ ሌሊቱን ወሬው ተዳርሶ ጠዋት በበረንዳው ሲያልፍ አንድ ሁለቱ ፊታቸውን አዙረውበታል። ሊቨን ያችን ባርኔጣ በሽማግሌው ደረት ላይ አኖረለት። ሌላ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። “ስምህ ማነው?” አለው ቀስ ብሎ፣ በገዛ ቋንቋቸው። አሁን መጠየቁ ለራሱም አስጠላው።

ቄሱ እየተቻኮለ መጣ። ሌላ ቀብር አለበት። ብርዱ ጣቱን ስላደነዘዘው ጸሐፊው የላከውን ወረቀት በግድ ዘረጋ፣ ዙሪያውን አየና “ይኸው ነው ሰዉ?” አለ።

“ይኸው ነው አባቴ።”

ቄሱ ጸበሉን ረጨ። “አቤቱ፣ ከባዕድ አገር የጠራኸውን ባሪያህን ሊቨንን በምሕረትህ ተቀበለው፤ የሊቨንን ኃጢአት አታስብበት፤ የሊቨንን ነፍስ የብቸኞች ማረፊያ ወደሆነው ቤትህ አግባት” አለ። ከዚያም ሰዎች እንዲመልሱለት እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ጠበቀ።

ሌላ የሚል ሰው አልነበረምና ሊቨን ራሱ “አሜን” አለ።